የአያቴ አገልግል ላይ ያለው ዛጎል ከየትኛው ባሕር ነው የመጣው?

ወለላ ዘደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ ቡና ቤት አለችኝ። አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ማሽን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጀበና ቡና። ግድግዳው ባዶ ሆኖ ሲያስጠላኝ አምና ለፋሲካ አያቴ ዘንድ ወርጄ አሮጌ አገልግሏን ተሸክሜ መጣሁ። አያቴ ያለችው ከአንኮበር ቁልቁል፣ አልዩ አምባ አጠገብ ነው። አገልግሉ ከእናቷ የወረሰችው ነው። ቆዳው ጠቁሯል፣ ማንገቻው ተበጥሷል። ክዳኑ ዙሪያ የተሰፉት ነጫጭ ዛጎሎች ግን አሁንም ጥርሱን ገልፍጦ የሚስቅ ሰው ያስመስሉታል።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ደንበኞቼ ተጨቃጨቁበት። አንዱ «የፍየል ጥርስ ነው» አለ። ሌላው «አጥንት ተጠርቦ ነው» አለ። እኔ ሲኒ እያነሳሁ ጣልቃ ገባሁና «ዛጎል ነው፣ ከባሕር ነው የሚወጣው» አልኳቸው። «የቱ ባሕር? ሸዋ ደግሞ ባሕር አላት እንዴ?» አለኝ ባለፍየል ጥርሱ። ዝም አልኩ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ልጅ ሆኜ ለቡዳ ተብሎ አንገቴ ላይ ዛጎል ታስሮልኝ ነው ያደግኩት። ምን እንደሆነ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

እናም ልጠይቅ። ይሄ ነገር ድንጋይ ነው ወይስ እንስሳ? እንስሳ ከሆነ የት ነው የሚኖረው? ጣና ውስጥ ይኖራል ወይስ የግድ ጨው ውሃ ይፈልጋል?

አንድ ጥፋትም አጥፍቻለሁ። እንዲነጡ ብዬ ሁለቱን ፈትቼ ኮምጣጤ ውስጥ አሳደርኳቸው። ጠዋት ሳያቸው ፈዝዘው ኖራ መስለዋል። ሌሎቹን ሳላበላሽ ምከሩኝ።

ብርዱ ገደለኝ

እህቴ አትድከሚ፣ ፕላስቲክ ነው። እኔ መኪናዬ መስታወት ላይ የማንጠለጥለው ዛጎል ገዝቼ ነበር። ክብሪት ሳስጠጋው የፌስታል ሽታ ሸተተኝ። የዛሬ ነገር እንዲህ ነው።

ቲቸር ከዓለም ከተማ

ብርዱ፣ ያንተው ፕላስቲክ ይሆናል። የእሷ ግን አይደለም፣ ማስረጃውንም ራሷ ጽፋዋለች። ፕላስቲክ ኮምጣጤ ውስጥ ቢከርምም ምንም አይሆንም። እውነተኛ ዛጎል ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ዘር። ኮምጣጤ ወይም ሎሚ ሲነካው አረፋ እያወጣ ይሟሟል። ወለላ፣ ማታ ብርጭቆው ውስጥ ትንንሽ አረፋ አይተሽ ከሆነ ያ ዛጎልሽ ሲበላ ነው። የተበላው አይመለስም። ሌላ ጊዜ ለመለየት ጥርስሽ ላይ አስነኪው። እውነተኛው ይቀዘቅዛል፣ ከበድም ይላል።

እንስሳ ነው ወይ ላልሽው፣ የእንስሳ ቤት ነው። ባለቤቱ የባሕር ቀንድ አውጣ ነው። የዛጎል ወገን በሙሉ የሚኖረው ባሕር ውስጥ ብቻ ነው። ጣና ውስጥ ሌሎች ቀንድ አውጣዎች አሉ፣ እሱ ግን የለም።

አገር ውስጥ ጌጥ ላይ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። አንደኛው ሞኔታሪያ ሞኔታ ይባላል፣ ሁለተኛው ሞኔታሪያ አኑለስ። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኔየስ ሁለቱንም በ1758 እ.ኤ.አ. ነው የሰየማቸው። ሞኔታ በላቲን ገንዘብ ማለት ነው፣ አኑለስ ደግሞ ቀለበት። የመጀመሪያው ጀርባው ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ነው፣ ጎኑ ላይ ጎበጥ ጎበጥ ያለ ማዕዘን አለው። ሁለተኛው እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፣ ጀርባው ላይ ብርቱካናማ ቀለበት ተሠርቶበታል። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ናቸው። ያንቺን ጀርባውን አይተሽ ንገሪን።

አኗኗሩን ግን እኔ አላወራም። ባሕር ያየሁት በፎቶ ነው። እዚህ አንድ የምጽዋ ሰው አሉ፣ እሳቸው ይምጡ።

ጋሼ መርከበኛው

መጣሁ። ልጄ ወለላ፣ ጥያቄሽን ሳነብ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ አፍንጫዬን ሸተተኝ። ለምን እንደሸተተኝ እነግርሻለሁ።

የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። በ1964 ዓ.ም. ባሕር ኃይል ገብቼ ምጽዋ ወረድኩ። ከዚያ በፊት ያየሁት ትልቅ ውሃ ክረምት ላይ የሞላ ወንዝ ነው። የጣርማ በር ብርድ ያሳደገው ሰው ምጽዋ ሲገባ መጀመሪያ ሸሚዙን ያወልቃል፣ ቀጥሎ ትዕግስቱን።

ሙቀቱ በረድ የሚለው ማታ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ባትሪ ይዘን ዳር ዳሩን እንወርድ ነበር። ባሕር ቀንና ሌሊቱን ሁለቴ ይሸሻል፣ ሁለቴ ይመለሳል። ሲሸሽ የኮራሉ ድንጋይ ይገለጥና ጎድጓዳው ሁሉ ውሃ እንዳቆረ ይቀራል። ዛጎል የሚኖረው እዚያ ነው። ቀን ድንጋይ ሥርና ስንጥቅ ውስጥ ይሸሸጋል፣ ማታ ወጥቶ ይግጣል። የሚግጠው ድንጋዩ ላይ የበቀለውን አልጌ ነው። ምላሱ ላይ ጥቃቅን ጥርሶች አሉት፣ እንደ ሞረድ እየፋቀ ነው የሚበላው። ጥልቅ ባሕር አይፈልግም። ጉልበት የማይደርስ ውሃ፣ ሙቀት፣ መደበቂያ ድንጋይ ይበቃዋል።

መጀመሪያ ያየሁ ቀን ዛጎል መሆኑን አላወቅኩትም። እኔ የማውቀው እናቴ የቅቤ ቅል ላይ የነበረውን ነጭ ነገር ነው። ያየሁት ግን ዝንጉርጉር፣ ጸጉር ጸጉር ያለበት ለስላሳ ሥጋ ነው። ጓደኛዬ «ንካው» አለኝ። በጣቴ ነካ ሳደርገው ያ ሥጋ ከመሃል ተከፍሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ እያለ ገባ። ከሥሩ ዛጎሉ ወጣ። የሚያብረቀርቅ ቢጫ። እዚያው ውሃ ውስጥ ተንበርክኬ «እናቴ ይሄን ብታይ!» አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛው ሌላ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊቱን ለአየርና ለውሃ አጋልጦ ነው የሚኖረው። ጀርባው ይሻክራል፣ አልጌ ይበቅልበታል። ዛጎል ግን ሥጋውን ከሁለት ጎን አውጥቶ እንደ ነጠላ ጀርባው ላይ ይደርበዋል። ነጠላው ቅርፊቱን ከመጠበቅ አልፎ አዲስ ልባስ እየቀባ ያወፍረዋል። ማንም ሳይወለውለው የሚያበራው ለዚህ ነው። ደግሞ ቀንድ አውጣ መባሉ እውነት ነው፣ ሁለት ቀንድ ያወጣል። የእኛ አገር የክረምቱ ቀንድ አውጣ ዐይኑ ቀንዱ ጫፍ ላይ ነው። የዛጎል ዐይን ግን ቀንዱ ሥር ነው ያለው።

ሴቷ እንቁላሏን ድንጋይ ላይ አጣብቃ እንደ ዶሮ ትታቀፈዋለች። ይሄን ዳህላክ ላይ ድንጋይ ገልብጬ አይቻለሁ። ገልብጠሽ ካየሽ መልሰሽ እንደነበረ ማስቀመጥ ነው፣ አለበለዚያ ፀሐይ ይፈጃቸዋል። የተፈለፈለው እጭ ከሞገድ ጋር ተንሳፍፎ ሩቅ ይሄዳል። ይኸው ቢጫው ዛጎል ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ አንሥቶ የህንድ ውቅያኖስን አቋርጦ ፓስፊክ ድረስ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። ደንበኛሽ «የቱ ባሕር?» ካለሽ ስንቱን ትነግሪዋለሽ?

ምጽዋ አካባቢ የሚያምረው ግን ትንሹ አይደለም። አንድ ነብራማ ነጠብጣብ ያለው ትልቅ ዛጎል አለ፣ መዳፍ የሚሞላ። እሱ የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ልጅ ነው። ሌላም ሾጣጣ፣ ሥዕል የተሣለበት የሚመስል ቀንድ አውጣ አለ። እሱን ላነሣ ስል አንድ የበላይ እጄን በባትሪው መታኝ። ለካ መርዝ ያለው እሾህ ይወጋል፣ ከወገኖቹ አንዳንዱ ሰው ይገድላል። ውበቱን አይተሽ አትንኪ።

አሁን ሽታው። የመጀመሪያ ፈቃዴ ሲደርስ ለእናቴ ስጦታ ብዬ ስልሳ ያህል ዛጎል ለቃቅሜ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩ። ከነነፍሳቸው። ውስጡ ሥጋ እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን የተራራ ልጅ ምን ያስባል? አስመራ ስንደርስ ደህና ነበር። መቀሌ ላይ ጎኔ ያለችው ሴትዮ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ደሴ ላይ ረዳቱ የሞተ አይጥ አለ ብሎ ወንበር ሥር መፈለግ ጀመረ። እኔም አብሬው ፈለግኩ! ከኮምቦልቻ በኋላ ቆርቆሮው ተገኘና ጣሪያ ላይ ተጫነ። ሸዋ ሮቢት በዚያ ሐሩር ቁመን ምሳ ስንበላ አውቶቡሱን ዝንብ ወረረው። ደብረ ሲና ስወርድ ደህና ሁን ያለኝ ሰው የለም።

እናቴ ቆርቆሮውን ከፍታ ዘጋችው። «የባሕር ስጦታ ይሄ ነው?» አለችኝ። ከማገዶ ቤቱ ጀርባ ቀበረችው። በሚቀጥለው ዓመት ስመጣ ቆፍራ አጥባ መደብ ላይ ደርድራቸው አገኘሁ። ጉንዳን ሥራውን ጨርሷል። መስታወት ነበር የሚመስሉት።

ቲቸር ከዓለም ከተማ

ጋሼ፣ እናትዎ ሳያውቁት የማልዲቭን፣ የእነዚያን የህንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ሙያ ነው የሠሩት። የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ማልዲቭ ተቀምጦ ያየውን ሲጽፍ፣ ሰዎቹ ዛጎሉን ከባሕር ለቅመው ጉድጓድ ውስጥ እንደሚከቱት፣ ሥጋው ሲጠፋ ነጩ እንደሚቀር ይናገራል። ያንን ለቤንጋል እየሸጡ ሩዝ ይገዙበት ነበር። ዛጎል ገንዘብ የሆነበት አገር ብዙ ነው። የጋና ብር «ሴዲ» ስሙን ያገኘው ከዛጎል ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሃምቡርግ ነጋዴዎች ባለቀለበቱን ከዛንዚባር በመርከብ እየጫኑ ምዕራብ አፍሪካ አራገፉት። በዝቶ በዝቶ ዋጋው ወደቀ። የዋጋ ንረት አዲስ ነገር አይደለም።

የይፋት ሰው

የጋሼን አውቶቡስ እያሰብኩ ሥራ መሥራት አቃተኝ።

ወለላ፣ አያትሽ አልዩ አምባ አጠገብ ናት አላልሽም? መልሱ እኮ በራፏ ላይ ነው። ዛሬ ትንሽ ከተማ ብትሆንም፣ አልዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ የሸዋ የባሕር በር እንደማለት ነበረች። ከታጁራ የሚነሣው የግመል ቅፍለት የአሳልን ሐይቅ አልፎ፣ የአፋርን በረሃ ቆርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ የሚያርፈው እዚያ ነው። በ1841 እ.ኤ.አ. የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስም በዚሁ መንገድ ነው የወጣው፣ ከአንድ ወር በላይ ፈጅቶበት። አርጎባው፣ አፋሩ፣ አማራው፣ ኦሮሞው እዚያ ይገናኛል። ገበያው የሚሠራው በአሞሌ ጨውና በማርትሬዛ ብር ስለነበር ዛጎሉ ከጌጥ አላለፈም። በጨውና በጨርቅ መሃል አንድ ከረጢት ዛጎል ጣል ማድረግ ለግመል ሸክም አይደለም። የእኔ ግምት የአገልግልሽ ዛጎል በዚያ ነው የመጣው የሚል ነው።

ወስፌና ጅማት

የቆዳ ሥራ እናቴ ቤት አይቼ ነው ያደግኩት፣ አሁንም አልፎ አልፎ አሮጌ አገልግል እጠግናለሁ። ቲቸር «ጀርባውን አይተሽ ንገሪን» አልክ፣ ግን ጀርባ የለውም! ዛጎል ቆዳ ላይ ከመሰፋቱ በፊት ጉብታው ድንጋይ ላይ ተፍቆ ይነሣል። አለበለዚያ ይንከባለላል፣ ክርም አይገባበትም። ተፍቆ ሲጠፈጠፍ ወስፌው በአፉ ገብቶ በተከፈተው ጀርባ ይወጣል፣ በጅማት ይሰፋል። እኛ የምናየው ጥርስ ጥርስ ያለውን የሆዱን በኩል ነው። ወለላ፣ የፈታሻቸውን ሁለቱን ገልብጪና እዪ፣ ክፍት ነው።

ለማጽዳት ደረቅ የጥርስ ብሩሽ፣ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ የረጠበ ጨርቅ፣ ወዲያው ማድረቅ። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ በረኪና አይነካውም። ቆዳውን ውሃ አትንከሪው፣ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ከምድጃው በላይም አትስቀዪው። ሁለቱን የፈዘዙትን መልሰሽ ስፊያቸው፣ ከኋላ በኩል አድርጊያቸው እንጂ አትጣያቸው።

አንድ ጥያቄ ለባለሙያዎቹ። አልፎ አልፎ ጥርስ የሌለው፣ አፉ ሰፊ፣ ቀጭን ዛጎል ይመጣብኛል። ወስፌ ሲነካው ይሰበራል። ምንድን ነው እሱ?

ቲቸር ከዓለም ከተማ

ልጅ ነው። ዛጎል በልጅነቱ እንደ ማንኛውም ቀንድ አውጣ አፉ ሰፊና ጠርዙ ስስ ነው። ሲጎለምስ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይጠቀለልና ጥርስ ያወጣል። ከዚያ በኋላ ርዝመት አይጨምርም፣ ይወፍራል እንጂ። የተሰበረብሽ ሳይጎለምስ የተለቀመው ነው።

ጀርባውን በተመለከተ ተሸንፌያለሁ፣ አገልግል ላይ ያለውን በቅርጹ ብቻ መለየት ነው። ማዕዘን ያለው ሞኔታ፣ ለስላሳ ሞላላው አኑለስ።

ደግሞ ወለላ፣ «ሸዋ ባሕር አላት እንዴ» ያለሽን ሰውዬ ወደ እኔ ላኪው። ተማሪዎቼ ከጀማ ሸለቆ ሲመለሱ የቀንድ አውጣና የዛጎል ቅርጽ ያለበት ድንጋይ ይዘውልኝ ይመጣሉ። ገደሉ ውስጥ ያለው የኖራ ድንጋይ የባሕር ወለል የነበረ ነው። የዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ከዚያም በፊት፣ መርሐ ቤቴ የሚባለው ሁሉ ጥልቀት በሌለው ባሕር ሥር ነበር። እነዚያ ያንቺ አገልግል ላይ ያሉት ዓይነት አይደሉም፣ የጥንት ሌሎች ናቸው። ባሕር ግን ነበረን፣ ቀድሞን ሄደ እንጂ።

ብርዱ ገደለኝ

እሺ ፕላስቲኩን አነሣሁ። የእኔን ግን ጣልኩት።

ወለላ ዘደብረ ብርሃን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጋሼ፣ ያ ረዳት ቆርቆሮውን ሲያገኝ ፊትዎ ምን እንደመሰለ ሳስብ ማሽኑ ላይ ወተት ገነፈለብኝ።

ትናንት ማታ ዘግቼ አገልግሉን አወረድኩና ቆጠርኩ። የፈዘዙትን ጨምሮ 38 ናቸው። 29ኙ ለስላሳ ሞላላ፣ 9ኙ ማዕዘን ያላቸው። ሁለት ዓይነት መሆናቸውን እስካሁን አላየሁም ነበር፣ ዐይኔ ሥር ተሰቅለው! ጅማቱ የላላውን አንዱን በመርፌ ቀና ሳደርገው ደግሞ ከተፋቀው ጠርዝ ላይ ቀጭን ብርቱካናማ መስመር ቀርቷል። ቀለበቱ ነው አይደል ቲቸር? ኮምጣጤ የበላቸው ሁለቱ ላይ ግን ምንም የለም። ኮመጠጠኝ።

ጀርባቸው ክፍት ነው፣ ወስፌ እንዳልሽው። ውስጡ ጠመዝማዛ ክፍል ይታያል። እዚያ ነበር የሚኖረው ማለት ነው።

ባለፍየል ጥርሱ ዛሬ ጠዋት መጣ። ማኪያቶውን ሳልሰጠው ሁሉንም ነገርኩት። ኮራሉን፣ ነጠላውን፣ ታጁራን። ዝም ብሎ ሰማኝና «ታዲያ ይበላል?» አለ።

ከዚያ ለአያቴ ደወልኩ። እንስሳ መሆኑን ስነግራት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። «ነፍስ ያለው?» አለችኝ። ነበረው አልኳት። «ስልሳ ዓመት ሙሉ የጾም ምግብ በዚህ ተሸክሜ ደብር ስወጣ!» ብላ ጮኸችብኝ። «ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር አውሬ እንጀራዬ ላይ!» ምን ልበላት?

ጋሼ መርከበኛው

አገልግሉ የተለበጠበት ቆዳ ከምን እንደሆነ ጠይቂያት።

ወለላ ዘደብረ ብርሃን

ጠየቅኳት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።